ፕሮግራመር መቼ ያረጃል?

የዛሬው ዝግጅታችን ሙያንና ዕድሜን የሚመለከት ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ዕድሜው ሲገፋ ምን ይጎድልበታል? ምንስ ያተርፋል? አርባ ዓመት የሞላው ሰው «አሁንም ኮድ ትጽፋለህ እንዴ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ሙያ ነውና ጥያቄው በቁም ነገር መታየት ይገባዋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

በእጃችሁ ካለው ስልክ እንነሳ። ለወዳጃችሁ «ሰላም» ብላችሁ በፊደላችን ጽፋችሁ ትልካላችሁ። ኮምፒውተር ደግሞ ቁጥር እንጂ ፊደል አያውቅም። ስለዚህ ለ«ሰ»፣ ለ«ላ»፣ ለ«ም» የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ቁጥሩን የሚሰጠው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ፊደል እዚያ የገባው በ1999 ነው። ቁጥሩ ከስልክ ወደ ስልክ ሲጓዝ በምን መልክ ይጻፍ የሚለውን የሚወስነው ግን ዩቲኤፍ ኤይት የሚባል ሌላ ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ ኬን ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ1992 ነደፈው፤ ከባልደረባው ከሮብ ፓይክ ጋር ኒው ጀርሲ ውስጥ ራት ሊበሉ ገብተው ሳለ፣ ምግብ ቤቱ ከሳሕን ሥር በሚያነጥፈው ወረቀት ላይ። በቀናት ውስጥ የሚሠሩበትን ሲስተም በሙሉ ወደ አዲሱ ዘዴ አዞሩት። ዛሬ የዓለም ድረ ገጾች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጻፉት በዚሁ ነው። አማርኛ፣ ዓረብኛና ቻይንኛ በአንድ ገጽ ላይ ሳይበላሹ አብረው የሚቀመጡትም በእሱ ነው። ኬን ቶምሰን ያን ምሽት 49 ዓመቱ ነበር።

ይኸው ሰው ከዚያ በፊት በ1969፣ በ26 ዓመቱ፣ ከዴኒስ ሪቺ ጋር ዩኒክስ የተባለውን ሲስተም መሥራት ጀምሯል። ዛሬ በኪሳችን የምንይዛቸው ስልኮች የቆሙበት ሐሳብ ከዚያ የመጣ ነው። ወጣትነት ትልቅ ነገር እንደሚሠራ ማንም አይክድም። በ2007 ደግሞ 64 ዓመት ሆኖት፣ ጉግል ውስጥ ከሮብ ፓይክና ከሮበርት ግሪዝመር ጋር ጎ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መንደፍ ጀመረ። ሦስቱም በትልልቅ ፕሮግራሞች ላይ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ኮዱ ተዘጋጅቶ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ መጠበቁ፣ ቋንቋው ራሱ መወሳሰቡ ያማርራቸው ነበር። ስለዚህ ጥቂት ነገር ያለው፣ በቶሎ የሚነበብ ቋንቋ ሠሩ። በዓለም ዙሪያ ሰርቨሮችን የሚያስተዳድሩት ዶከርና ኩበርኔቲስ የተጻፉት በዚህ ቋንቋ ነው። ምን ማስገባት እንደሚቻል ማንም ያስባል። ምን መተው እንደሚገባ ለመለየት ግን ብዙ ፕሮግራም ሲበላሽ ማየት ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ።

በዚያው በ2007 የፌስቡክ መሥራቹ ማርክ ዙከርበርግ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ሲናገር፣ ወጣቶች በአእምሮ ብልጫ አላቸው አለ። የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ንግግሩ ዛሬም ድረስ ይነሳል፤ ብዙ ቀጣሪዎች በልባቸው ይዘው የሚፈርዱበትን ነገር በአደባባይ ስለተናገረው ይመስለኛል። አሜሪካ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሠራተኞች በዕድሜያቸው ምክንያት እንዳይገፉ የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በ1967 ነው። ሕጉ እያለም ክርክሩ አልቆመም። ጉግል ራሱ፣ ለሥራ አመልክተው ያልተቀጠሩ ከ200 በላይ ጎልማሳ አመልካቾች ላቀረቡት የዕድሜ አድልዎ ክስ፣ ጥፋቱን ሳያምን በ2019 11 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እንግዲህ ዕድሜ በእርግጥ የሚወስደው ነገር አለ? አለ። ደብቀን አንልፈው።

መጀመሪያ የሚታወቀው በዓይን ነው። ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ የዓይናችን ሌንስ መተጣጠፉን ስለሚቀንስ የቅርቡን አጥርቶ ማየት ያስቸግራል። በሁሉም ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ መነጽር ይፈታዋል፤ በስክሪኑ ላይ ያለውን ፊደል ማተለቅም አያሳፍርም። ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጠዋት ቢሮ መግባትም እንደ 25 ዓመቱ አይሆንም። አእምሮም ይለወጣል። ሬይመንድ ካተል የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የአእምሮን አቅም በሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ከዚህ በፊት ያላየነውን እንቆቅልሽ በፍጥነት የመፍታት አቅም ነው፤ ይህ ገና በጎልማሳነት መባቻ ቀስ እያለ መቀነስ ይጀምራል። ሌላው ከትምህርትና ከሥራ የተጠራቀመው ዕውቀት ነው፤ ይህ በብዙ ሰው ዘንድ እስከ 60ዎቹ ድረስ ሲጨምር ይሄዳል።

ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ እንዴት እንደሚካካሱ የሚያሳይ፣ እኔ በጣም የምወደው አንድ ጥናት አለ። ቲሞቲ ሶልትሃውስ የተባለው ተመራማሪ በ1984 ያወጣው ነው። ከ19 እስከ 72 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ታይፒስቶች ሰብስቦ መዘናቸው። አንድ ፊደል ብልጭ ሲል ቁልፉን ቶሎ መምታት ላይ በዕድሜ የገፉት ዘገምተኞች ሆኑ። ሙሉ ጽሑፍ ተሰጥቷቸው ሲተይቡ ግን ከወጣቶቹ እኩል ይፈጥኑ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሶልትሃውስ ጽሑፉን ሸፍኖ፣ በአንድ ጊዜ የሚታየውን የፊደል ብዛት እየቀነሰ ሞከራቸው። ምስጢሩ የተገኘው እዚያ ላይ ነው፤ በዕድሜ የገፉት ታይፒስቶች ጣታቸው አንዱን ፊደል ሲመታ ዓይናቸው ብዙ ፊደል ወደፊት ቀድሞ ሄዷል። ጣት የዘገየውን ዓይን ቀድሞ በማየት አካካሰው።

ፕሮግራም በመጻፍ ላይ ይህ «ቀድሞ ማየት» ምን ይመስላል? አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንመልከት። የባንክ ሒሳብ ውስጥ 1000 ብር አለ እንበል፤ ሒሳቡ የባልና የሚስት ነው። ባል ኤቲኤም ፊት ቆሞ 800 ብር ያዛል። ሚስት በዚያችው ቅጽበት፣ ሌላ ሰፈር ሆና በሞባይል ባንኪንግ 800 ብር ለመላክ ትጫናለች። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ቀሪውን ያነባል፣ ቀጥሎ ይበቃ እንደሆነ ያያል፣ ከዚያ ይቀንሳል። የባል ትእዛዝ ሲያነብ 1000 አገኘ፤ ይበቃል። ገና ሳይቀንስ የሚስት ትእዛዝ ገብቶ ሲያነብ አሁንም 1000 አገኘ፤ ይበቃል። ሁለቱም አለፉ። ከ1000 ብር ላይ 1600 ብር ወጣ ማለት ነው። የኮዱ እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፤ ጀማሪው ሲሞክረውም ይሠራል፤ የሚሞክረው ብቻውን ነዋ! ልምድ ያለው ሰው ግን አንድ መስመር እንኳ ሳይጻፍ «ሁለት ሰው አንድ ላይ ቢመጣስ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ እስኪጨርስ ሌላው እንዲጠብቅ ሒሳቡ መቆለፍ እንዳለበት ያውቃል። ይህ ጥያቄ ኮዱ የዛሬ 40 ዓመትም ሆነ ትናንት በወጣ ቋንቋ ቢጻፍ አይለወጥም።

ቋንቋዎቹ በእርግጥ ይለዋወጣሉ። ለአንድሮይድ ስልክ አፕ የሚሠሩ ሰዎች በጃቫ ሲሠሩ ቆይተው፣ በ2017 ጉግል ኮትሊን የተባለውን ቋንቋ ተቀበለ፤ በ2019 ደግሞ ቅድሚያ የምሰጠው ለኮትሊን ነው አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የብዙ ሰው የእጅ ልምድ ከፊሉ ዋጋ ቀነሰ። ጎልማሳውን የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። እኔ የምለው፣ ከሚያረጀውና ከማያረጀው ዕውቀት የትኛውን ይዞ እንደሚያረጅ ሰው አስቀድሞ ይለይ ነው። የአንድን ቋንቋ ሥርዓት በቃሉ የያዘ ሰውና፣ ሒሳቡ ለምን መቆለፍ እንዳለበት የገባው ሰው 15 ዓመት ቆይተው እኩል አይገኙም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ስለ ፕሮግራመሮች እርጅና ስናወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የፕሮግራሞቹ እርጅና ነው። ፕሮግራምም ያረጃል፤ አርጅቶም ከሥራ አይወጣም። የጡረታ ገንዘብ የሚያሰላው፣ የባንክ ሒሳብ የሚይዘው፣ የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጠው ኮድ 30 እና 40 ዓመት ይኖራል። ፔተር ናውር የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1985 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሮግራም ማለት ወረቀት ላይ የሰፈረው ኮድ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ነገር የሠሩት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ያለው ግንዛቤ ነው ሲል ተከራከረ። ለዚህም ያየውን ምሳሌ አቀረበ። አንድ ቡድን ጥሩ አድርጎ የሠራውን ፕሮግራም ለሌላ ቡድን ሰጠ፤ ከኮዱ ጋር ሙሉ ማብራሪያ አብሮ ተሰጠ፤ ምክርም አልተነፈጋቸውም። ተቀባዮቹ አዲስ ነገር ሊጨምሩበት ሲያቅዱ ግን ያቀረቡት ሐሳብ የፕሮግራሙን ውበትና ጉልበት የሚያጠፋ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ባለቤቶች ወዲያው አይተው ቀላሉን መንገድ አሳዩአቸው። ማብራሪያው ያልያዘው፣ ይህ ለምን እንዲህ ሆኖ ተሠራ የሚለውን ነው። ናውር ይህን ሲጽፍ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነበር።

እንግዲህ ደመወዙ በዛ ተብሎ ነባሩ ባለሙያ ሲሰናበት አብሮት የሚወጣው ይህ «ለምን» ነው። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንደተባለው፣ መሥሪያ ቤቱ ለጊዜው የአንድ ደመወዝ ትርፍ ያያል፤ ሲስተሙ አንድ ቀን ሲቆም ግን ለምን እንደቆመ የሚያውቅ ሰው ሕንፃው ውስጥ የለም።

ዓለም ይህን በገንዘቧ የተማረችበት ጊዜ አለ። በ1960ዎቹ የኮምፒውተር መረጃ የሚያዘው በሚበሳ ካርድ ላይ ነበር፤ አንዱ ካርድ የሚይዘው 80 ፊደል ብቻ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ዓመተ ምሕረት በሁለት አኃዝ ይጻፍ ነበር፤ 1935 ን 35 እያሉ። በ1999 ዕድሜ ሲሰላ 99 ሲቀነስ 35፣ 64 ይሆናል፤ ልክ ነው። በ2000 ግን ዓመቱ 00 ሆነ። 00 ሲቀነስ 35 ከዜሮ በታች 35 ነው። ጡረተኛው ገና ያልተወለደ ሆኖ ቁጭ አለ! ይህን ለማስተካከል በመላው ዓለም ኮድ መስመር በመስመር ተነበበ። አብዛኛው የተጻፈው ኮቦል በሚባል ቋንቋ ስለነበር ጡረታ የወጡ የኮቦል ባለሙያዎች ከየቤታቸው ተጠሩ። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ሚያዝያ 2020 ላይ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ ሥራቸውን ያጡ ሰዎች የኒው ጀርሲን የሥራ አጥነት ድጎማ ሲስተም አጨናነቁት። ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲስተም ነበር። አገረ ገዢው ፊል መርፊ በመግለጫቸው ላይ፣ ከሕክምና ባለሙያዎች ጎን ለጎን ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንደሚያስፈልጓቸው ተናገሩ።

ኮቦልን ካነሳን አይቀር የግሬስ ሆፐርን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1906 ኒው ዮርክ ውስጥ የተወለዱ፣ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ የያዙ የኮሌጅ መምህርት ነበሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ባሕር ኃይል ልግባ ቢሉ ዕድሜዎ አልፏል፣ ክብደትዎም አይበቃም ተብለው ተመለሱ። አልተዉትም፤ በ1943 ማብቂያ ላይ፣ በ37 ዓመታቸው፣ ተቀባይነት አገኙ። ሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከነበረው፣ ርዝመቱ 15 ሜትር ከሚያልፈው ማርክ ዋን የተባለ ኮምፒውተር ጋር የተዋወቁት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም መጻፍን የጀመሩት ዛሬ ብዙ ሰው «በቃኝ» በሚልበት ዕድሜ ነው። በ1952፣ በ45 ዓመታቸው፣ ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ማሽኑ ወደሚያውቀው ቁጥር የሚለውጥ ፕሮግራም ሠሩ። ኮምፒውተር ሒሳብ እንጂ ፕሮግራም መጻፍ አይችልም ተብሎ ይታመን ስለነበር መጀመሪያ ላይ የሚሰማቸው አላገኙም። ከዚያ ነጋዴውም የቢሮ ሠራተኛውም ሊያነበው በሚችል በእንግሊዝኛ ቃላት ፕሮግራም ይጻፍ ብለው ሌላ ቋንቋ ሠሩ፤ ኮቦል በ1959 መዘጋጀት ሲጀምር በአብዛኛው የተመሠረተው በዚያ ሥራቸው ላይ ነው።

በ1966 መጨረሻ፣ 60 ዓመት ሲሞላቸው፣ ባሕር ኃይሉ ጡረታ አወጣቸው። በእኛም አገር የጡረታ ዕድሜ 60 ነውና ይህን ልብ በሉልኝ። ሰባት ወር ያህል እንደቆዩ፣ የኮቦል ፕሮግራሞች ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየተለያዩ አስቸግረዋልና ለስድስት ወር ብቻ መጥተው ያስተካክሉልን ተብለው ተጠሩ። ስድስቱ ወር ተራዘመ። በ1971 እንደገና ጡረታ ወጡ፤ በ1972 እንደገና ተጠሩ። በመጨረሻ ባሕር ኃይሉን የተሰናበቱት በ1986፣ በ79 ዓመታቸው፣ በሪር አድሚራል ማዕረግ ነው። ከዚያም ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ በአማካሪነት ቀጠራቸው፤ በ1992 መጀመሪያ፣ በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ የዚያ ኩባንያ ባልደረባ ነበሩ። በነዚያ የመጨረሻ ዓመታት በየመድረኩ እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። ለተማሪዎቹ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ሽቦ ያድላሉ፤ ብርሃን በአንድ ናኖሴኮንድ፣ ማለትም በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ የሚጓዘው ይህን ያህል ነው ይላሉ። ከሳተላይት መልእክት ለምን እንደሚዘገይ፣ ፈጣን ኮምፒውተር ለምን ትንሽ መሆን እንዳለበት በዚያች ሽቦ ያስረዱ ነበር።

አሁን ወደ ሌላ አዛውንት ፕሮግራመር፣ ወደ ብራየን ከርኒሃን እንሂድ። በ1942 የተወለዱ ናቸው። በ1977 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ኦክ የተባለ፣ ጽሑፍ የሚያበጥርና የሚቆጥር አነስተኛ የፕሮግራም ቋንቋ ሠርተዋል። ያ የመጀመሪያው ፕሮግራም ሲሠራ አንድ ፊደል የሚይዘው አንድ ባይት፣ ማለትም አንዲት የኮምፒውተር ማስቀመጫ ክፍል፣ ነበር፤ ለእንግሊዝኛ ይበቃል። የኛ አንድ ፊደል ግን ቅድም ባልኳችሁ በዩቲኤፍ ኤይት ሲጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» ስንት ፊደል ነው ብላችሁ ብትጠይቁት ዘጠኝ ይል ነበር። በ2022 ከርኒሃን 80 ዓመት ሞልቷቸው ሳለ፣ ራሳቸው ኮዱን ከፍተው አስተካከሉት። አሁን የእሳቸው ፕሮግራም «ሰላም» ሦስት ፊደል መሆኑን ያውቃል። ከ45 ዓመት በፊት ያን ኮድ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉት የሚያውቅ ሰው ስለነበር ሥራው ያለ ብዙ ግርግር አለቀ።

የሚደንቀኝ ግን ሥራውን ሲያስረክቡ የጻፉት ነው። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚለዋወጡበት ጊት የሚባል መሣሪያ አለ፤ ዛሬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚለማመደው ነው። ከርኒሃን ኮዱን ዛሬ ለሚንከባከቡት ሰዎች ሲጽፉ፣ ብትረዱኝም ጊት እስካሁን በደንብ አልገባኝም፣ ስለዚህ ሊዘገይብኝ ይችላል ብለው በግልጽ አስታወቁ። ብዙ ፕሮግራመሮች የተማሩበትን መጽሐፍ የጻፉ ሰው ናቸው፤ አልገባኝም ለማለት ግን አልከበዳቸውም።

በእኛ አገር ይህ ቀላል አይደለም። ሙያው ራሱ ወጣት ነው፤ በአዲስ አበባ የሶፍትዌር ቢሮዎች ስትገቡ 50 ዓመት ያለፈው ፕሮግራመር እምብዛም አታገኙም። ስለዚህ ታላቅና ታናሽ በአንድ ኮድ ላይ እንዴት እንደሚነጋገሩ ገና አልለመድንም። የ24 ዓመቷ ወጣት የ48 ዓመት ባልደረባዋ የጻፈውን ኮድ እንድታይ ተሰጣት እንበል። ስሕተቱን አይታዋለች። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሁለት ሰው አንድ ላይ ቢገባ ችግር ያለ ይመስለኛል» ለማለት ስንት ጊዜ ታስባለች? ብዙ ጊዜ ይሉኝታ ይዟት «ጥሩ ነው» ብላ ታሳልፈዋለች። እሱም በበኩሉ የማያውቀውን አዲስ መሣሪያ እሷን ከመጠየቅ ማታ ቤቱ ብቻውን ሲታገል ያመሻል። ሁለቱም በጨዋነት ነው የሚያደርጉት፤ ጉዳቱን ግን ባንኩና የባንኩ ደንበኛ ይከፍላሉ። በዕድሜ ለሚበልጠው ሰው የሚገባው ክብር ስሕተቱን ዝም ማለት ነው ብዬ አላምንም። መንገዱን መክፈት ያለበት ታላቁ ነው። «እስቲ ይቺን አሳዪኝ፣ አላወቅኋትም» ብሎ አንድ ጊዜ በሰው ፊት ከጠየቀ፣ ከዚያ ወዲያ ታናናሾቹ አይፈሩትም። እሷም አክብሮቷን ሳትተው ያየችውን መናገር ትችላለች።

ሌላው የእኛም የሌላውም አገር ችግር ዕድገት ነው። ጎበዝ ፕሮግራመር አሥር ዓመት ሲሠራ ደመወዙን ለማሳደግ ያለው መንገድ አለቃ መሆን ብቻ ይሆናል። ስብሰባና ሪፖርት ይሞላበታል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ እጁ ከኮድ ይርቃል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ ይከብደዋል። ማስተዳደር የሚወድ ሰው ያስተዳድር፤ የማይወደውን ግን ለደመወዝ ሲባል ከሚያውቀው ሥራ ማንሳት ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። አይቢኤም ይህን አስቀድሞ አይቶ በ1962 አይቢኤም ፌሎ የሚባል የክብር ደረጃ አቋቁሟል፤ ባለሙያው ሰው ሳያስተዳድር በሙያው ብቻ ከኩባንያው ከፍተኛ ማዕረጎች አንዱን የሚያገኝበት ነው። የእኛ ባንኮችና የቴክኖሎጂ ድርጅቶችም በየራሳቸው ልክ እንዲህ ያለ መሰላል ቢዘረጉ፣ የዛሬዎቹን የ30 ዓመት ወጣቶቻቸውን በ45 ዓመታቸውም ኮድ ፊት ያገኟቸዋል።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በመጣበት በዚህ ጊዜ ነገሩ ይለወጥ ይሆን ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። መሣሪያው ኮዱን በሴኮንዶች ይጽፋል። የባልና የሚስቱን ሒሳብ ጉዳይ ግን የሚጠይቀው ሰው ካልጠየቀው ሊያልፈው ይችላል፤ የተጻፈውንም አንብቦ ይህ ያስኬዳል፣ ይህ አያስኬድም የሚል ዳኛ ያስፈልጋል። ኮድ መጻፍ እየቀለለ ሲሄድ ማንበብ ይከብዳል። ማንበብ ደግሞ ሰው በዓመታት የሚያዳብረው ነው።

ዘግይተው መጀመር ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልበል። በ2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ሐምሌ ላይ፣ ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ጀምራለች፤ በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጥ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ ለልጆቹ ያስባል፤ ፕሮግራም መማር ግን ለልጆች ብቻ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ማሳኮ ዋካሚያ የሚባሉ ሴት አሉ፤ በ1935 የተወለዱ፣ ዕድሜያቸውን በባንክ ሠራተኝነት ያሳለፉ። የስልክ ጨዋታዎች ሁሉ ጣታቸው ለፈጠነ ወጣቶች የተሠሩ ናቸውና ለእኛ ለአዛውንቶቹ ሥሩልን ብለው ቢጠይቁ የሚሠራላቸው ጠፋ። ራሳቸው ፕሮግራም መጻፍ ተምረው በ2017፣ በ81 ዓመታቸው፣ የጃፓን የልጃገረዶች በዓል አሻንጉሊቶችን በየቦታቸው የማስቀመጥ ጨዋታ ለአይፎን ሠሩ። በዚያው ዓመት አፕል በዓመታዊ የፕሮግራመሮች ጉባኤው ላይ ጋበዛቸው። አንድ ወጣት ፕሮግራመር የማያየውን ነገር፣ የሚንቀጠቀጥ ጣት ምን እንደሚቸግረው፣ እሳቸው ከራሳቸው እጅ ያውቁት ነበር። የሒሳብ ሹም፣ ነርስ ወይም መምህር ሆናችሁ ብዙ ዓመት የሠራችሁ ሁሉ ሌላው የማያውቀውን የሥራችሁን ችግር ታውቃላችሁ፤ ፕሮግራም መጻፍ ስትጀምሩም ከዜሮ አትነሱም።

ከመሰናበቴ በፊት ወጣት አድማጮቻችን አንድ ቀን እንዲመዘግቡልኝ እፈልጋለሁ። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከ1970 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ያለፉትን ሴኮንዶች በመደመር ነው። በድሮዎቹ ሲስተሞች ለዚህ ቁጥር የተሰጠው ቦታ 32 ቢት ሲሆን፣ ሊይዝ የሚችለው እስከ 2,147,483,647 ሴኮንድ ብቻ ነው። ያ ቁጥር የሚሞላው በ2038 ጃንዋሪ 19 ነው። በእኛ አቆጣጠር 2030 ዓ.ም. ጥር 11፣ የጥምቀት ዕለት፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ባለችው ሴኮንድ ያልታረመ ሲስተም ቀኑን 1901 ዲሴምበር ብሎ ይቆጥረዋል። አዳዲሶቹ ኮምፒውተሮች ባለ 64 ቢት ስለሆኑ ይህ አያሰጋቸውም፤ የሚያሰጋው በየፋብሪካው፣ በየመሣሪያው ውስጥና በቆዩ ዳታቤዞች ላይ የተቀመጠው አሮጌ ኮድ ነው። ዛሬ 30 ዓመት የሆናችሁ ያን ጊዜ ከ40 በላይ ትሆናላችሁ። አሁን በምትሠሩበት መሥሪያ ቤት ጊዜ በ32 ቢት የሚቆጥር ኮድ ካለ፣ የት እንዳለና ለምን እንደዚያ እንደተተወ ዛሬውኑ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ነባር ባልደረባችሁንም ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ጠይቁት።